«የማን ልጅ ነህ?»፦ የአባት ስምና የእናት ቃል በጋብሪኤላ ገርማንዲ ልቦለድ ውስጥ

ደልጊ ለመጀመሪያ ጊዜ የደረስሁት በመርከብ ነው። ከባሕር ዳር ተነሥቶ ደቅንና ቁንዝላን እየነካ ወደ ጎርጎራ የሚያልፈው መርከብ ከዳር ሲቆም፣ ሸክም ሊያወርድ የመጣው፣ ዘመድ ሊቀበል የወጣውና እንዲሁ ወሬ ሊሰማ የቆመው ሰው ሁሉ አንድ ላይ ተሰብስቦ ነበር። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው ሰላምታ ከሰጡኝ በኋላ ስሜን አልጠየቁኝም፤ «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። የአባቴን ስም ነገርኋቸው፤ አላወቁትም። የአያቴን ስም ጨመርሁላቸው፤ አሁንም አልተያዘላቸውም። በመጨረሻ የእናቴን ስምና አገር ብነግራቸው ፊታቸው በራ። «እንዲያ አትልም ታዲያ!» ብለው እጄን ይዘው ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ።

ይህች አጭር ጥያቄ በአገራችን ከስም ትቀድማለች። ሰው በአባቱ ይጠራል፣ በአያቱ ይመዘናል። ይሁን እንጂ በጎንደርና በጎጃም የርስት ሥርዓት፣ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ፣ አንድ ሰው ዘሩን ቆጥሮ መሬት የሚጠይቀው በአባቱ ወገን ብቻ ሳይሆን በእናቱም ወገን ጭምር እንደ ነበረ አንባቢ ያስታውሷል። መሬቱ የእናትን ሐረግ ሲቀበል፣ ስሙ ግን የአባትን ብቻ ይዞ ቀረ። ይህ በመሬትና በስም መካከል ያለ ልዩነት ተራ የልማድ ጉዳይ ሊመስል ይችላል፤ አባቱ ከባሕር ማዶ መጥቶ ወደ ባሕር ማዶ ለተመለሰ ልጅ ግን የሕይወት ጥያቄ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምመለከተው ይህንኑ ጥያቄ ያነሣውን የጋብሪኤላ ገርማንዲን ልቦለድ ነው። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የአበባና የዕንቁ ንግሥት» ይሆናል። በኢጣሊያንኛ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በእንግሊዝኛ ወጥቷል። ደራሲዋ እ.ኤ.አ. በ1965 አዲስ አበባ ተወለደች። አባቷ ኢጣሊያዊ ነው፤ እናቷ ደግሞ የኢጣሊያና የኤርትራ የዘር ሐረግ አላት። እ.ኤ.አ. በ1979 ወደ ኢጣሊያ ሄዳ በአባቷ የትውልድ ከተማ በቦሎኛ ኑሮዋን መሠረተች። እንግዲህ ወደ አባት አገር የተመለሰች ልጅ ናት። በእንዲህ ዓይነት መንገድ ያለፈ ደራሲ ስለ ሥሩ ሲጽፍ አብዛኛውን ጊዜ የምንጠብቀው አንድ ታሪክ አለ፦ የተቀደደ ፎቶግራፍ፣ የደበዘዘ የልደት ወረቀት፣ የአንዲት ትንሽ ከተማ ማዘጋጃ ቤት፣ በመጨረሻም በር ከፍቶ የሚያቅፍ የአጎት ልጅ። ገርማንዲ ይህን ታሪክ አልጻፈችም። የጻፈችው ከዚህ የከበደውን ነው።

የልቦለዱ ዋና ገጸ ባሕርይ ማሕሌት የደብረ ዘይት ልጅ ናት። በቤቱ ካሉት አረጋውያን መካከል የቀድሞው አርበኛ አባ ያዕቆብ አሉ። ለዚህች ልጅ የወረራውን ዘመን ታሪክ ይነግሯታል፤ ወደፊትም ታሪኩን ተሸክማ ለሌላው እንድታደርስ ቃል ያስገቧታል። ልጅቱ አድጋ ለትምህርት ወደ ኢጣሊያ ትሄዳለች፤ ቃሏንም ትረሳለች። አባ ያዕቆብ ሞተው ወደ አገሯ ስትመለስ፣ በአዲስ አበባ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ የሚያገኟት ሰዎች ሁሉ ሳትጠይቃቸው ታሪካቸውን ይነግሯታል። እርሷ አዳማጭ ትሆናለች፤ ኋላም ጸሐፊ።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ደራሲዋ ራሷ የኢጣሊያዊ ልጅ ስትሆን ማሕሌትን ግን የኢጣሊያዊ ልጅ አላደረገቻትም። በመጀመሪያው ንባቤ ይህን እንደ ሽሽት ቈጥሬው ነበር፤ የራስን ቁስል በሌላ ሰው ልብስ መሸፈን መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው ንባብ ግን አሳቤን ለወጥሁ። ደራሲዋ ክልስ ገጸ ባሕርይ ፈጥራ ቢሆን ኖሮ ልቦለዱ የአንዲት ሴት የአባት ፍለጋ ሆኖ በቀረ ነበር። ጥያቄውን ከ«አባቴ ማን ነው?» ወደ «ማን ነገረኝ? ለማንስ ልንገር?» ስታዞረው፣ ሥር ማለት በደም የሚወረስ ብቻ ሳይሆን በአደራ የሚሰጥ ነገር መሆኑን አሳየች። ማሕሌት የምትወርሰው ስም አይደለም፤ ቃል ነው።

የዚህን ክብደት ለመረዳት የዘመኑን ሕግ ማስታወስ ያስፈልጋል። የፋሺስት ጦር በስታራቼ መሪነት ጎንደር የገባው መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያም አልፎ ወደ ጣና ዳርቻ ወረደ። በዓመቱ፣ የየካቲት 12 ደም ገና ሳይደርቅ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1929 ዓ.ም. ሮም ላይ አንድ ድንጋጌ ወጣ፤ ከቅኝ ግዛቱ ተወላጅ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖር ኢጣሊያዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ እስራት እንዲቀጣ ደነገገ። ይህ ድንጋጌ ግንኙነቱን አላስቀረውም፤ ጋብቻ መምሰሉን ብቻ ወንጀል አደረገው። ከሴት ጋር መተኛት አላስቀጣም፤ አብሮ መብላት፣ አብሮ መኖር፣ ማፍቀር ግን ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። ግንቦት 5 ቀን 1932 ዓ.ም. የወጣው ሁለተኛው ሕግ ደግሞ ወደ ልጁ ዞረ። ክልስ ልጅ በኢጣሊያዊ አባቱ ልጅነቱ ሊታወቅለት እንዳይችል፣ የአባቱን የቤተሰብ ስም እንዳይይዝ፣ ቀለቡና አስተዳደጉም በእናቱ ላይ ብቻ እንዲወድቅ አዘዘ። አባትየው እንኳ ልጄ ነው ለማለት ቢፈልግ አፉን በሕግ ዘጉት።

በአንጻሩ የእኛን ሕግ እንመልከት። በ1922 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ዜግነት ሕግ ከኢትዮጵያዊ አባት ወይም ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደ ሁሉ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። እንግዲህ በወረቀት ላይ እናት ትበቃ ነበር። በአፋችን ላይ ግን አልበቃችም። ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የመጨረሻው የፋሺስት ጦር እጁን ሲሰጥ፣ አባቶቹ ምርኮኛ ሆነው ሄዱ፤ እናቶቹና ልጆቹ ግን እዚሁ ቀሩ። ለእነዚህ ልጆች የአባት ስም ሆኖ ያገለገለው ብዙውን ጊዜ የእናት አባት ስም ነው።

እኔ ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው አንድ ሰው ነበሩ። የወፍጮ ሞተር ሲሰበር የሚጠሩት እርሳቸው ናቸው። የተሰበረውን ጠግነው ሲያስነሡ ሰው ሁሉ ያመሰግናቸዋል፤ ዞር ሲሉ ደግሞ «የጥልያን ዲቃላ» ይላቸዋል። እኛ ልጆቹም ተከትለን እንል ነበር። አንድ ቀን ሰምተውኝ ዘወር አሉ። አልተቆጡም። «እናቴን ታውቃታለህ?» ብለው ጠየቁኝ። አላውቃትም አልሁ። «እንግዲያስ እኔንም አታውቀኝም» ብለው ሄዱ። የገርማንዲን ልቦለድ ሳነብ የሰማሁት ይህን ድምፅ ነው። መጽሐፉን ሳመሰግን ዕዳዬንም እየቈጠርሁ መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

ከልቦለዱ ታሪኮች ሁሉ ጠንካራው የአባ ያዕቆብ ታሪክ ነው። የእኒህ አርበኛ እኅት ከአንድ ኢጣሊያዊ ወታደር ጋር ትፋቀራለች፤ ወታደሩም ከጦሩ ከድቶ ወደ አርበኞቹ ይገባል። ግጭቱ በሁለት አቅጣጫ የሚሄድ ነው። በአንድ ወገን ፍቅርን ወንጀል ያደረገው የፋሺስት ሕግ ቆሟል፤ በሌላ ወገን ደግሞ የጠላትን ልጅ በጎረሮው ሊያሳልፍ የማይችል ወንድም አለ። ወንድም ሆኖ መፍቀድና አርበኛ ሆኖ መጠርጠር በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ይታገላሉ። ተውኔት ለሚጽፍ ሰው ይህ የተዘጋጀ መድረክ ነው።

ይህን ታሪክ ከኤኒዮ ፍላያኖ «የመግደያ ጊዜ» ጋር አነጻጽሮ ማንበብ ይጠቅማል። ፍላያኖ በወረራው ጊዜ መኰንን ሆኖ ኢትዮጵያ ውስጥ ያገለገለ ሰው ነው። ልቦለዱ እ.ኤ.አ. በ1947 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠውን የስትሬጋ ሽልማት አግኝቷል። በዚያ መጽሐፍ አንድ ሻምበል ያልደረሰ መኰንን መንገድ ስቶ ገላዋን ስትታጠብ ካገኛት ኢትዮጵያዊት ሴት ጋር ያድራል። በሌሊት የተኰሰው ጥይት ከድንጋይ ነጥሮ ያቈስላታል፤ እርሱም ወንጀሉ እንዳይገለጥበት ጨርሶ ይገድላትና ይቀብራታል። ፍላያኖ የፋሺስትን ጀግንነት ውሸትነት ያጋለጠ ደራሲ ነው፤ ይህን ክብር ልንነሣው አይገባም። ሆኖም ሴትዮዋ በልቦለዱ ውስጥ ቋንቋ የላትም። የምትኖረው መኰንኑ እንዲጸጸት ነው፤ የምትሞተውም መኰንኑ እንዲጸጸት ነው። ዘመዶቿ ምን አሉ? ያቺን ሴት ወልዳ ያሳደገች እናት ማታ በሩን ከፍታ ስትጠብቅ አደረችን? መጽሐፉ አይጠይቅም። ገርማንዲ የጠየቀችው ይህን ነው። በእርሷ ልቦለድ ሴቲቱ ወንድም አላት፤ ወንድሙም አርጅቶ ይናገራል። ሌላዋ ተራኪ ደግሞ የከበደች ሥዩምን፣ ባለቤቷን ደጃዝማች አበራ ካሣን ፋሺስቶች ከገደሉባት በኋላ የዘመተችውን አርበኛ፣ ታሪክ ታስታውሳለች። በፍላያኖ ዝም ያለችው ሴት በገርማንዲ ጦር ትመራለች።

ይህን ካልሁ በኋላ ጉድለቱንም ልናገር፤ ሂስ ምርቃት አይደለምና። አንደኛ፣ ተራኪዎቹ ብዙ ሲሆኑ ድምፃቸው ግን እጅግ ይመሳሰላል። ገበሬውም፣ የከተማይቱም ሴት፣ ሽማግሌውም በአንድ ዓይነት የተረጋጋ ቃና ይናገራሉ። የአገራችን ሰው ሲያወጋ ያቋርጣል፣ ይምላል፣ ይረሳል፣ «የት ደርሼ ነበር?» ይላል። ይህ መንተባተብ ነው የእውነት ምልክቱ። ሁለተኛ፣ ከድቶ የመጣው ወታደር ከመጠን በላይ ንጹሕ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በታሪክ አልነበረም ለማለት አይደለም፤ ከኢጣሊያ ጦር ከድተው ከአርበኞች ጋር የቆሙ ነበሩ። ነገር ግን ከእነዚያ ልጆች አብዛኛዎቹ የተወለዱት ከከዱት አይደለም፤ ከጦሩ ጋር ከቆዩት ነው። ልቦለዱ ፊቱን ወደ መልካሙ አባት ሲያዞር ኢጣሊያዊው አንባቢ ትንሽ እንዲያርፍ ይፈቅድለታል። የሰፈራችን ወፍጮ ጠጋኝ ግን እንዲህ ዓይነት ዕረፍት አላገኙም።

ይህን ዕረፍት የነሣችው ሌላዋ ኢጣሊያዊት ደራሲ ፍራንቼስካ ሜላንድሪ ናት። እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተመችው ልቦለድ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 አንዲት የሮም መምህርት ወደ ቤቷ ደረጃ ስትወጣ አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት ተቀምጦ ታገኛለች። የያዘው ወረቀት የእርሷን አባት ስም ተሸክሟል፤ የልጅ ልጁ ነኝ ይላታል። አባትየው ዘጠና ዓመት አልፎት አእምሮው ደክሟል። ከዚህ ላይ ጥያቄው መልኩን ይለውጣል። ከደልጊ ዳርቻ «የማን ልጅ ነህ?» የሚባለው እንግዳው ነው፤ በሜላንድሪ ልቦለድ ግን ጥያቄው የሚመለሰው በባለቤቲቱ ላይ ነው። እንግዳው ማን እንደ ሆነ ያውቃል። አባቷን የማታውቀው እርሷ ናት።

ይህ በልቦለድ ብቻ የሚቀር ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የኢጣሊያ የዜግነት ሕግ የደም ሐረግን መሠረት ያደረገ በመሆኑ፣ በአርጀንቲናና በብራዚል ያሉ እጅግ ብዙ ሰዎች ከብዙ ትውልድ በፊት የተሰደደ ቅድመ አያት ወረቀት አግኝተው ኢጣሊያዊ ሆነዋል። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የወጣው ድንጋጌ፣ ኋላም በግንቦት የጸደቀው ሕግ፣ ይህን መብት በአብዛኛው እስከ ወላጅና እስከ አያት ድረስ ብቻ ወስኖታል። ከአያት ማለፍ አለማለፍ በሮም ሲያከራክር፣ የእኛዎቹ ልጆች ችግር ግን የትውልድ ቍጥር አይደለም። ወረቀቱ ራሱ እንዳይጻፍ በ1932 ዓ.ም. ተከልክሎ ነበር። የሐረጉ መጀመሪያ ሆን ተብሎ ተቈርጧል። ሰው ሥሩን በወረቀት ብቻ የሚፈልግ ከሆነ፣ ወረቀቱን የቀደደው እጅ አሁንም ይፈርድበታል። የገርማንዲ ልቦለድ ዋጋ ከዚህ ላይ ነው፤ ወረቀት በሌለበት የሚቀር ምስክር እንዳለ፣ እርሱም የሚያስታውስ ሰው ቃል እንደ ሆነ ያሳያል።

የጣና ዙሪያ ከኢጣሊያ ጋር ያለው ታሪክ በፋሺስት አልጀመረም። በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ኒኮሎ ብራንካሌዎን የሚባል የቬኒስ ሠዓሊ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ለብዙ አሥርት ዓመታት ኖረ። መርቆሬዎስ የሚል ስም ወጣለት። በጎጃም አብያተ ክርስቲያናት ሥዕል ሣለ፤ ፖርቱጋላዊው አልቫሬዝ ወደ አገራችን በመጣ ጊዜ የአገሩን ቋንቋ በሚገባ የሚያውቅ ሰው ሆኖ አገኘው። ብራንካሌዎን አገር ያገኘው በደም አይደለም፤ በሥራና በመኖር ነው። ከአራት መቶ ዓመት በላይ ቈይተው የመጡት የአገሩ ልጆች ያጡት ይህን ነው፤ መሬት ፈለጉ እንጂ አገር አልፈለጉም።

ይልቁንም የሚያስገርመው የእኛ ነገር ነው። ወራሪው ከሄደ በኋላ ቃላቱን አላባረርንም። መኪናው፣ ጎማው፣ ፍሬኑ፣ ፋብሪካው፣ ካልሲው፣ የፎርኖው ዳቦ ሁሉ አማርኛ ሆኗል፤ ማንም «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ የጠየቀው የለም። ለቃሉ ቤት ሰጠነው፤ ከቃሉ ጋር የመጣውን ሕፃን ግን ደጅ አቆምነው።

በሥነ ጽሑፋችንም ያው ነው። ስለ ወረራው ዘመን የተጻፈው ጥቂት አይደለም። የዮፍታሔ ንጉሤ «አፋጀሽኝ»፣ የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ»፣ የጸጋዬ ገብረ መድኅን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» እያንዳንዱ በየፈርጁ አገሩን አገልግሏል። አርበኛውን፣ ባንዳውን፣ ሰማዕቱን በመድረክ አይተናል። የኢጣሊያዊውን ልጅ በጀርባዋ አዝላ ወደ ገበያ የወጣችው ሴት ግን፣ እኔ ባየሁት መድረክ ላይ፣ ገብታ አልተናገረችም። አስገድደዋት ይሆን? ወዳ ይሆን? ርኃብ ይሆን? ከእነዚህ አንዱን መርጠን የምንፈርድባት ሳይሆን እርሷ ራሷ የምትነግረን ጊዜ መምጣት ነበረበት። ይህን ስል ሌሎችን ለመውቀስ አይደለም፤ ከሃያ ዓመት በላይ ተውኔት ስጽፍ እኔም አላስገባኋትም።

ገርማንዲ ከልቦለዱ በኋላ ከኢትዮጵያና ከኢጣሊያ ሙዚቀኞች ጋር ላቋቋመችው የሙዚቃ ኅብረት የዐፄ ቴዎድሮስን ስም ሰጥታለች። ስሙን በምን ምክንያት እንደ መረጠች እኔ ልተርጕምላት አልችልም፤ ከደልጊ ሆኖ ለሚሰማው ግን የሚያስታውሰው ነገር አለ። ደልጊ የጣቁሳ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከምዕራቧ ቋራ አለ። ካሣ ኃይሉ በ1845 ዓ.ም. የራስ ዓሊን መኳንንት ድል ካደረጉባቸው ጦርነቶች አንዱ የተደረገው በዚሁ በጣቁሳ ነው። እኒህን ሰው ጠላቶቻቸው የሰደቧቸው በምን ነበር? በእናታቸው። የኮሶ ሻጭ ልጅ አሏቸው። አገር አንድ ያደረገው ሰው እንኳ «የማን ልጅ ነህ?» ከሚለው ጥያቄ አላመለጠም። እናትን ለስድብ ማንሣት የቈየ ልማዳችን ነው፤ ለምስክርነት ማንሣት ግን ገና ያልለመድነው።

እንግዲህ የዚህ መጽሐፍ ትምህርት ለእኛ ምንድን ነው? የአባቱን አገር የሚፈልግ ሰው ይሂድ፤ በሩን ያንኳኳ፤ መብቱ ነው። ገርማንዲም ሄዳ ኖራበታለች። ነገር ግን በአባቷ ከተማ ተቀምጣ፣ በአባቷ ቋንቋ፣ የጻፈችው የእዚህን አገር እናቶችና አረጋውያን ቃል ነው። የአባትን አገር አገሯ ያደረገችው ያልሰማውን በመንገር ነው። ይህን የሚያህል መመለስ በማዘጋጃ ቤት ማኅተም አይገኝም።

ከደልጊ በተመለስሁበት ዕለት እኒያ ሽማግሌ እስከ ዳር ሸኙኝ። መርከቡን ስንጠብቅ የእናቴን ወገኖች አንድ በአንድ ቈጠሩልኝ፤ እኔ ከማውቀው ይልቅ እርሳቸው የሚያውቁት በዛ። አሁን እየጻፍሁት ያለው ተውኔት ከዚያ ቦታ ይጀምራል። መርከብ ከዳር ይቆማል። ጠጉሩ የሸበተ እንግዳ ይወርዳል። አንዲት አሮጊት ቀና ብላ «የማን ልጅ ነህ?» ትለዋለች። እንግዳውም ከኪሱ ወረቀት አያወጣም፤ የእናቱን ስም ይጠራል።